ኦግኒያን ያልሰማው የማራገቢያ ድምፅ

ኦግኒያን በዳኑብ ወንዝ ላይ የጭነት መርከብ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ ወንዙ ዳር ባለችው ሩሴ ከተማ ከባለቤቱ ከጾንካ ጋር ተቀመጠ፤ እኔ እነሱ ካሉበት ፎቅ በላይ ነው የምኖረው። መጀመሪያ ላይ ጡረታው በጣም ከብዶት ነበር። ጠዋት ተነስቶ ይለብስና መሄጃ አጥቶ ኩሽና ውስጥ ይቆማል። በኋላ ሴት ልጃቸው ወደ ቫርና ከተማ ስትዛወር ኮምፒውተሯን ተወችላቸው፤ የመርከብ መንዳት ጨዋታም ጫነችለት። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ነፍስ ዘራ። ቁርሱን በልቶ እስከ ምሳ በጨዋታው ውስጥ በሚያውቀው ወንዝ ላይ ሽቅብ ቁልቁል ይላል።

ግንቦት ላይ ጾንካ ሹራቧን እየሠራች ቀና አለች።

"አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ነገር ቀጭ ቀጭ እያለ ያቃስታል።"

"የቱ?"

"ኮምፒውተርህ ነዋ።"

ኦግኒያን ወደ ሳጥኑ ዘንበል ብሎ አዳመጠ። "ምንም የለም። ላይ ቤት ያለው ሰውዬ ግድግዳ እየበሳ ይሆናል።"

ጾንካ እኔኑ ጠርታ አወረደችኝ። ግድግዳ እየበሳሁ አልነበረም፤ ማቃሰቱንም በደንብ ሰማሁት። ኦግኒያን ተማክረን የመጣንበት ይመስል ሁለታችንንም በየተራ አየን።

"በል አንተ መርከብህን ንዳ" አለችው። "ሲጮህ እኔ እነግርሃለሁ።"

አፏን ለማስያዝ ሲል ተስማማ። ወንዙ ጭር ባለበት ቦታ ጾንካ ዝም አለች። ክሬንና ቤት ወደሞላበት ወደብ ሲጠጋ ግን "አሁን" አለች። ከወደቡ ሲርቅ ጥቂት ቆይቶ ድምፁ ጠፋ። ተመልሶ ሲገባ፣ "ይኸው፣ አሁን።"

የኦግኒያን እጅ ባለበት ቀረ። ጭነት ሲበዛበት የሚያጓራ ሞተር ስንቱን አይቷል።

"ስክሪኑ ላይ ብዙ ነገር መሳል ሲኖርበት ይግላል" አለ ቀስ ብሎ። "ሲግል ደግሞ ማራገቢያው ይፈጥናል።"

ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ሳጥኑን በካቻቢቴ ከፈተው። ምስሉን የሚሠራው የግራፊክስ ካርድ ሁለት ማራገቢያዎች፣ ከወንዙ ዳር ዛፎች እየበነነ በመስኮት የሚገባው ጥጥ መሳይ ነገር ተጠምጥሞባቸዋል። በብሩሽ ጠርጎ መልሶ አስነሳው።

"ቀጭ ቀጭ የሚለው ጠፍቷል" አለች ጾንካ። "ማቃሰቱ ግን አለ።" የወረቀት ፎጣ የተጠቀለለበትን የካርቶን ቱቦ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ወደ ሳጥኑ ተጠጋች። "የቀኙ ነው የሚጮኸው።"

በማግስቱ ካርዱን ይዘው ኮምፒውተር ወደምትጠግነው ወደ ካሊና ሄዱ። ካሊና ማራገቢያዎቹን በጣቷ አሽከረከረቻቸው፤ የግራው ረጅም ጊዜ ዞረ፣ የቀኙ ወዲያው ቆመ።

"ካርዱ ደህና ነው። የዚህኛው መዞሪያ ኩሽኔታ ነው ቅባቱ የደረቀው፤ ማራገቢያውን ብቻ እንቀይራለን" አለች። ከዚያ ካርዱን በራሷ ኮምፒውተር ላይ ገጥማ አስነሳችው። ማቃሰቱ ክፍሉን ሞላው። "ይኸው ነው አይደል ድምፁ፣ አባባ?"

ኦግኒያን ወደ ካርዱ ተጠግቶ አዳመጠ። ባለቤቱን አየ፣ ካሊናን አየ።

"እኔ የሚሰማኝ ነገር የለም" አለ።

ሲመለሱ ወንዙ ዳር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ አሉ። አንድ መርከብ ቁልቁል እያለፈ ነበር።

"ልጅቷ ስትደውል ከምትለው ግማሹን በግምት ነው የምመልሰው" አለ ኦግኒያን።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነገርኩህ እኮ። አልሰማኸኝም።"

ኦግኒያን ጉልበቱን ይዞ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ እጇን ያዘና መርከቡ እስኪያልፍ ሳይለቃት ቆየ።

ሐኪሙ የሞተር ጩኸት ለብዙ ዓመት ጆሮውን እንደጎዳው ነግሮት የመስሚያ መሣሪያ አዘዘለት። ደስ ብሎት አልነበረም ያደረገው፤ መጀመሪያ ሰሞን የማንኪያው ኳኳታ እንኳ አስመረረው። ቫርና ያለችው ልጁ ስትደውል ግን አሁን ስልኩን ለጾንካ አያቀብልም፤ ራሱ ይዞ ወደ ሰገነቱ ይወጣል።

ጾንካም ከእሱ አጠገብ መቀመጡን ለምዳዋለች። ባለፈው ሳምንት ስወርድ የጨዋታውን መርከብ እሷ እየነዳች፣ እሱ ከኋላዋ ቆሞ አገኘኋቸው። መርከቡ በለኔ የሚባለው ደሴት አሸዋ ላይ ወጥቶ ተኝቷል።

"ወንዙ ነው የጠበበው" አለችኝ ዞር ብላ።

"እሺ፣ ወደ ኋላ ሳቢው" አላት ኦግኒያን፤ "ቀስ ብለሽ።"