ከቅጥሩ ውጭ የዋልኩባቸው በዓላት

ገጠር ሳለን ቤተ ክርስቲያን የሚመርጥ ሰው አላውቅም ነበር። ክርስትና የተነሳንበት፣ አባቴም የተቀበረበት ደብር አለ፤ በቃ። ፍኖተ ሰላም መጥቼ የልብስ ስፌት ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ነው የት ልሳለም የሚል ጥያቄ የመጣብኝ። ሁለት ደብር ሞከርኩ። በሁለቱም ቅዳሴው ያው የማውቀው ነበር፤ እኔን ግን የሚያውቀኝ ሰው ሳላገኝ ዓመት ሞላኝ። ከተከራየሁት ክፍል ጀርባ የጴንጤዎች ጸሎት ቤት የሆነ የቆርቆሮ አዳራሽ ነበር። አንድ እሑድ ብቸኝነት ሲያንገበግበኝ ገባሁ። ማን ነሽ፣ ከየት ነሽ፣ ምሳ በልተሻል ወይ አሉኝ። በዚህ ተጀመረ ብል ያሾፍኩ ይመስላል፤ ግን በዚህ ነው የተጀመረው። እያደር አመንኩበት፤ ዛሬም አምናለሁ። የሚያሳፍረኝ ሌላ ነገር ነው።

ለእናቴ በራሴ አፍ ነገርኳት። ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌያችን፣ መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ብቻዋን ነው የምትኖረው። አላለቀሰችም፣ አልረገመችኝም። ሌላ ሰው ያውቃል ወይ ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። አያውቅም አልኳት። እንግዲያው ማንም አይስማ አለች።

ችግሩ በዓል ሲመጣ ነው። ለማርያም ንግሥ ከከተማ ያልገባ ልጅ ይታማል፤ መጥቶ ደብሩን ያልተሳለመ ደግሞ ከዚያ የባሰ ይታማል። እኔ ግትር ነኝ። ላላመንኩበት ለይምሰል አልሳለምም ብዬ ድርቅ አልኩ። እናቴም መላ አገኘች። ልጅሽ ለምን አልገባችም ሲሏት «አልነጻችም» ትላለች። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ቅጥሩን አታልፍም፤ ይህን ደግሞ ማንም አይመረምርም። ነጠላዬን ተከናንቤ ከድንጋይ ካቡ ውጭ እቀመጥና እልልታውን ከሩቅ እሰማለሁ። ወደ ቤት ስንመለስ በዚህ እስቅ ነበር። እናቴ አብራኝ መሳቋን ግን አላስታውስም።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኛ ውሸት ግን እያደር ከበደ። በአንዱ በዓል አልነጻሁም፣ በሚቀጥለውም አልነጻሁም። የአገሬ ሴቶች ተንኮለኞች አይደሉም፤ ጴንጤ ሆናለች ብሎ ያሰበ አንድም አልነበረም። ደም የሚፈስሳት በሽተኛ ናት ብለው አዘኑልኝ። ጎጃሜ እንዲህ ያለውን በፊት ለፊት አይናገርም፤ አንዷ ማር ትልክልኛለች፣ ሌላዋ «ከሳሽሳ» ብላ እጄን ይዛ ትቆያለች። እኔ ደግሞ የገጠር ሰው ደግነት ነው እያልኩ ማሬን እበላለሁ።

ባለፈው ኅዳር ጽዮን እንደ ልማዴ ከካቡ ውጭ ተቀምጬ ሳለ ጎረቤታችን መጡ። በልጅነቴ አዝለው ያሳደጉኝ ባልቴት ናቸው። ትንሽ ጀሪካን ይዘዋል። ጉልበታቸውን ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ዛሬም አልቆመልሽም?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔን አትፈሪኝ። ለእመቤታችን ጃንጥላ ተስዬልሻለሁ። ድነሽ በእግርሽ የገባሽ ለት ይዤልሽ እገባለሁ። በይ ይህን ጠበል ጠጪ። እህል አልቀመስሽም አይደል?»

እናቴ ቤት ዳቦ በሻይ በልቼ ነበር የወጣሁት። አልቀመስኩም አልኳቸው። በጣሳ ቀድተው ሰጡኝ፤ በሁለት እጄ ተቀብዬ ጠጣሁ። ለይምሰል አልሳለምም ያልኩት እኔው ነኝ እንግዲህ። እሳቸው እያዩ አማተብኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ጣሳውን ሲቀበሉኝ እንዲህ አሉ፦ «እናትሽም ታሳዝነኛለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቁርባን አጉድላ አታውቅም ነበር። አንቺ እስክትድኚ ብላ ነው መሰል፣ አሁንማ ተወችው።»

እናቴ መቁረብ መተዋን እኔ አላውቅም ነበር። በየበዓሉ ከካቡ ውጭ ስቀመጥ እሷ ውስጥ የምትቆርብ ይመስለኝ ነበር።

ቤት ስንገባ እውነት ነው ወይ አልኳት። ሽሮ ታማስላለች፤ ዞራ አላየችኝም። ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ተቆጣሁ። ሳፍር የሚቀድመኝ ቁጣ ነው፤ ክፉ አመል ነው ያለኝ። እኔው ሄጄ ለነፍስ አባትሽ ሁሉንም ልንገራቸው አልኳት። ያኔ ማማሰያዋን አስቀመጠች።

«ነግረሻቸው ልጅሽን ከቤትሽ አታስገቢያት ቢሉኝስ? የነፍስ አባቴን ቃል ልሽር ነው?» አለችኝ። «ዋሽቼ ደግሞ አልቆርብም። አንቺንም ቅሪ አልልሽም። ስለዚህ ተውኩት። በይ አሁን ብዪ።»

በላሁ። በማግስቱ በሚኒባስ ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስኩ። ነፍስ አባቷ ቤት አልሄድኩም፤ እስከ ዛሬም አልሄድኩም። እናቴም እስከ ዛሬ አልቆረበችም። ባልቴቷ ጃንጥላውን ገዝተው በፌስታል ጠቅልለው እንዳስቀመጡት ሰምቻለሁ።

ጸሎት ቤታችን ውስጥ ስለ ጌታ ብላችሁ የተዋችሁትን መስክሩ የሚባልበት ጊዜ አለ። ሌላ ጊዜ ቀድሜ የምነሳው እኔ ነበርኩ። ደብሬን ተውኩ፣ በዓሌን ተውኩ፣ ዘመድ አዝማዴን ተውኩ እላለሁ፤ ሰዉ አሜን ይላል፤ አንዳንዱም ያለቅስልኛል። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ። ከኅዳሩ በዓል በተመለስኩ እሑድ ግን አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለችው እህት በክርኗ ጎሰመችኝ። ሁሉም ዞሮ ሲያየኝ ጊዜ ተነሳሁ።

«እኔ የተውኩት ነገር የለም» አልኩ። «የተወችው እናቴ ናት።»

ቀሪውን እስክናገር ጠበቁኝ። ተቀመጥኩ።