የጥቁሩ ክር ጉዞ

አባቴ ለእህቴ ሰርግ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የሆነውን የወላይታ የባህል ልብስ፣ ዱንጉዛ፣ ሊሸምን ሲነሳ ሁለቱ ጥቁር ክሮች ተምታቱበት። አንዱን ከሶዶ፣ ሌላውን ከገሱባ ገበያ ገዝቶ፣ አንድ ዓይነት ልቃቂት አድርጎ ቅርጫት ውስጥ ከቷቸዋል። ሸማኔው ጎረቤታችን የገሱባውን ሸምኖበት፣ ሲታጠብ ቀለሙ ቢጫው ላይ ለቆ ጨርቁ እንዳለ ተበላሽቶበታል። አባቴ ዓይኑ ደክሟል፤ ክሩን የምናቀብለው እኛ ነን። ይሄ የመጨረሻ ሥራዬ ነው ብሎናል።

ነክሬ እንዳልለያቸው አዲስ ክር ሁሉ መጀመሪያ ትንሽ ይለቃል፤ ውሃ ውስጥ ደግሞ ሁለቱም ያው ጥቁር ናቸው። የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝና ከጎረቤታችን ጨርቅ አንድ ጥቁር ክር መዝዤ መጣሁ። ማጣሪያ ወረቀት ላይ በእርሳስ አሰመርኩ፤ በእስክሪብቶ ቢሆን መስመሩ ራሱ ተነስቶ ይሄዳል። ከሦስቱ ክሮች በሙቅ ውሃ ያወጣሁትን ቀለም መስመሩ ላይ ነጠብ ነጠብ አደረግኩና፣ ነጥቦቹ ውሃ እንዳይነካቸው ተጠንቅቄ የወረቀቱን ጫፍ ብርጭቆ ውስጥ ነከርኩት።

ጉሙ ከዳሞታ ተራራ ወርዶ ግቢውን ሞልቶታል። ውሃው ቀስ እያለ ወረቀቱን ይወጣል። እኔ ትዕግስት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ያን ቀን ግን ፈዝዤ ቀረሁ። ከውሃው ጋር የሚስማማው ቀለም አብሮት ይሄዳል፤ ወረቀቱን ሙጥኝ ያለው ወደ ኋላ ይቀራል። ክሮማቶግራፊ የምንለው ይኸው ነው። ከጥቁሩ ውስጥ ሰማያዊ ወጣ፤ ከሥሩ ሐምራዊ፣ ከዚያ ቡናማ። ስንት ዓመት ሳስተምረው እንዲህ አምሮ ታይቶኝ አያውቅም።

"ምን ሆነ?" አለ አባቴ፣ እግሩን ከሽመና ጉድጓዱ ሳያወጣ።

"የጎረቤታችን ሰማያዊ እላይ ደርሷል። የግራው ልቃቂትም ልክ እንደሱ ነው። የቀኙ ግን እምብዛም አልሄደም።"

ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋው፤ መልሶ አራቀው።

"ለእኔ ሁሉም አንድ ነው" አለ።

የቀኙን፣ የሶዶውን ልቃቂት አስጨበጥኩት።

እህቴ ወደ ሁምቦ በተዳረችበት ቀን፣ ገና ከግቢው ሳትወጣ ዝናቡ ወረደ። ሰው ሁሉ ወደ ድንኳኑ ሲሮጥ አባቴ ክንዴን ያዘኝ።

"ቢጫው እንዴት ነው?"

ዱንጉዛው ርሶ እህቴ ትከሻ ላይ ተለጥፏል።

"ቢጫ ነው፣ አባዬ።"

"ደህና አድርገሽ እዪው።"

"አየሁት። ቢጫ ነው።"

ክንዴን ለቀቀኝ።

"እንግዲያው ነገ ጉድጓዱን ድፈኑልኝ" አለ።