በቃሌ ያልያዝኳት አንዲት ገጽ

ሌላው ስደተኛ ታሪኩን ሲጀምር «በጨለማ ወጣን» ይላል። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያ እንደሚሄድ ሰው ባዶ ቁና ይዤ ነው። ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው፤ ከጭልጋ ወዲያ ባለችው መንደራችን ጎተራው ከተጠረገ ወራት ሆኖታል። እናቴ እግሯ አብጦ መራመድ አትችልም ነበር። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ፣ «ሂጂ፤ እኔ ቤት እጠብቃለሁ» አለችኝ። ምን የሚጠበቅ ነገር ነበረን? ዶሮ እንኳ አልቀረም። አልጠየቅኋትም፤ ብጠይቃት እግሬ እንደማይነሳ አውቄዋለሁ።

ከመተማ ወደ ሱዳኗ ገላባት ተሻገርኩ፤ ከዚያ በጭነት መኪና በዶካ አድርጌ ገዳሪፍ ገባሁ። ድርቁ እዚያም ደርሶ ስለነበር ነገሩ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፤ ቢሆንም የሚቀመስ አይጠፋም። ኪስራ የሚሉት የማሽላ እንጀራ አላቸው። የእኛው መስሎኝ በጉጉት ብቆርሰው ዓይን የሌለው፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ነገር ሆነብኝ። አለቀስኩ። እያለቀስኩ ሦስት በላሁ።

ሰሊጥ ሳጭድ ከርሜ ሳለሁ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለስደተኞች የመሰናዶ ዓመት ከፈተ፣ ያለፈ ካርቱም ሄዶ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ይማራል የሚል ወሬ ሰማሁ። ጎንደር ከተማ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነበርና ማጭዴን ጥዬ ሮጥኩ።

«ሸሃዳሽስ?» አለኝ መዝጋቢው፤ የምስክር ወረቀቴን ማለቱ ነው።

«አገር ቤት ቀረ።»

«ለምን አልያዝሽውም?»

«ገበያተኛ ለመምሰል ባዶ ቁና ነበር የያዝኩት።»

«ቁናውስ የት አለ?»

«በውሃ ለወጥኩት።»

ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ። «እንግዲያ ቁናውንም አላመጣሽም» አለና መዘገበኝ።

ትምህርቱ አንድ ልብወለድ ነበር፤ አንዲት ልጅ የታመመች እናቷን ትታ ወደ ከተማ ስለመሄዷ። እኔ ደግሞ የመሪጌታ ልጅ ነኝ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዳዊቱን ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ያስያዘኝ ገና ጡት ሳላወጣ ነው። ማጥናት ማለት ለእኔ ይኸው ነው። በየጠዋቱ ግቢው ውስጥ እየተወዛወዝኩ ልብወለዱን በቃሌ ስወጣው፣ ያከራየችኝ ሐጃ ዘይነብ ተሸማቃ በእግሯ ጣት ጫፍ ታልፈኝ ነበር። አንድ ቀን ግን አላስቻላትም፤ «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ የናንተ ሶላት አያልቅም እንዴ?» አለችኝ።

የዓመቱ ፈተና ወጣ፤ ጥያቄው «ልጅቷ እናቷን ትታ መሄዷ ልክ ነበር ወይ?» የሚል ነው። ሳልሳሳት ጻፍኩና በሳምንቱ መምህራችን ኡስታዝ ኢድሪስ አስጠራኝ።

«ይህ የመጽሐፉ መጨረሻ ነው፤ ነጠላ ሰረዙ እንኳ አልጎደለም። ከየት ገለበጥሽው?»

«ከራሴ ነው፣ ኡስታዝ።»

አላመነኝም። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ በአባቴ ፊት እንደምቆመው ቆሜ፣ ከመጀመሪያው ምዕራፍ አንስቼ ወጣሁለት። በጣቱ እየተከተለ ሦስት ገጽ ሄደና መጽሐፉን ዘጋው።

«ማሻአላህ። ግን ያነበብሽውን አይደለም የጠየቅኩሽ። አንቺ ምን ትያለሽ?»

«እኔ?»

«አንቺ።»

እንዲህ ተብዬ ተጠይቄ አላውቅም ነበር። በአባቴ ጉባኤ ከመምህሩ ቃል ላይ የራሱን የጨመረ በአለንጋ ነው የሚማረው። ኡስታዝ ሐሙስ ደግሜ እንድፈተን ፈቀደልኝ። ከወደቅሁ ወደ ሰሊጡ መመለሴ ነው።

ሐሙስ ለብቻዬ ተቀመጥኩ። ያው ጥያቄ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ባዶውን ወረቀት አየሁት። የገዛ ቃሌ ከየት ይምጣ? የመጣልኝ የእናቴ ድምፅ ብቻ ነበር፤ እሱኑ ጻፍኩት። «የእኔዋ ሂጂ አለችኝ፤ ቤት እጠብቃለሁ አለችኝ። የሚጠበቅ እንደሌለ አውቄ ሄድኩ። የመጽሐፉ ልጅም ሳታውቅ አልቀረችም። ልክ ነው አልልም። ግን ባትሄድ ኖሮ እናትየዋ ሁለት ሞት ታይ ነበር።» ሌላም ጻፍኩ፤ ዕንባዬ ቀለሙን ስላበላሸው ያፈርኩበትን አስታውሳለሁ።

ኡስታዝ ሦስት የፊደል ስህተት በቀይ አርሞ፣ ከሥሩ «ካርቱም ሂጂ» ብሎ መለሰልኝ።

ከመሄዴ በፊት፣ አጨዳ ጨርሶ ወደ አገር ለሚመለስ አያ ሙላት ለሚባል የመተማ ሰው የቃል መልእክት ሰጠሁት፤ ማለፌን ለእናቴ እንዲነግርልኝ። የሷን መልስ ይዞ የመጣው በዓመቱ፣ ለዕረፍት ገዳሪፍ ስመለስ ነው። በሕይወት አለች።

«ምን አለችህ፣ አያ ሙላት?»

«‹ቤቱን እየጠበቅሁ ነው በልልኝ። የተማረችውንም በቃሏ ትያዘው፤ ወረቀት ይጠፋል› ነው ያለችኝ።»

ይኸው ስንት ዘመን አለፈ፤ ያንን ልብወለድ ዛሬም ብትጠይቁኝ ከዳር እስከ ዳር እወጣላችኋለሁ። ያቺን የራሴን ገጽ ግን፣ እናቴ ብላኛለችና ስንት ጊዜ ሞከርኳት። «ቤት እጠብቃለሁ አለችኝ» የሚለው ላይ ስደርስ ሌላው ሁሉ ይጠፋብኛል።