መብራት የጠፋበት ወፍጮ

ልጅ ሳለሁ፣ ያኔ በቢቸና፣ ወንድ አያቴ ከምድጃው ፍም አጠገብ ተቀምጠው ተረት ሲነግሩን የኩራዙ ጢስ ዓይናችንን እያቃጠለው እንኳ ከቦታችን አንነሣም ነበር። ከሁሉ ይልቅ የምፈራው የነብሩን ተረት ነው። ነብሩ ገደል ሥር ተጋድሞ ሳለ ዝንጀሮዎች «ሞቷል» ብለው ጢሙን ሊነጩ ሲሻሙ፣ አንዲት አሮጊት ዝንጀሮ ከቋጥኝ ላይ ሆና «ዝም ማለቱን አያችሁ፤ መሞቱን ማን አየ?» ትላቸዋለች። አያቴ እዚህ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ፍሙን ይቆሰቁሳሉ፤ እኛም ነብሩ ዘሎ እንደሚነሣ እያወቅን እንንቀጠቀጣለን።

ደርግ ከወደቀ ከዓመታት በኋላ፣ የፋብሪካ ማሽን ጥገና መሐንዲስ ሆኜ ስሠራ፣ ሞጣ ወደሚገኝ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ተጠራሁ። ስደርስ መብራት ጠፍቶ ነበር። የሠራተኞቹ ልማድ አስቆጣኝ፤ መብራት ሲጠፋ የወፍጮውን ዋና ማብሪያ አያወርዱም። እንደ በራ ትተውት ሻይ ቤት ይቀመጣሉ፤ መብራት ሲመጣ ወፍጮው ራሱ ጮኾ ይጠራቸዋል። ልገሥጽ ወደ ውስጥ ስገባ፣ ኦፕሬተሩ ይበልጣል ክንዱን እስከ ብብቱ ወፍጮው አፍ ውስጥ ከትቶ የታጨቀውን ስንዴ ይጎረጉራል።

«አውጣ!» አልሁት።

«ኧረ ጋሼ፣ መብራት የለም እኮ! የሞተ ይነክሳል እንዴ?» ብሎ ሣቀ።

«ዝም ማለቱን አየህ፤ መሞቱን ማን አየ?»

ክንዱን ሳበ፤ አልወጣም። የሹራቡ እጅጌ እህሉን በሚገፋው ጠመዝማዛ ብረት ላይ ተጠምጥሟል። ሣቁ ከፊቱ ረገፈ።

«ጋሼ፣ ያዘኝ» አለ፣ በቀጠነ ድምፅ።

ማብሪያው ከወዲያኛው ግድግዳ ላይ ነው፤ በመካከላችን የጆንያ ክምር አለ። እንዴት እንደ ተሻገርሁት ዛሬም አላውቅም። እጀታውን በሁለት እጄ ጎትቼ አወረድሁት። ገና እጄን ሳላነሣ የሰፈር ልጆች ከውጭ «መጣ! መጣ!» ብለው ጮኹ። በሌላ መስመር የሚበራው የጣሪያ አምፖል ቦግ አለ። ወፍጮው አልተንቀሳቀሰም።

እጅጌውን በቢላ ቀድጄ አወጣሁት። በልጆቹ ጩኸት ከሻይ ቤት የተመለሱት ባልደረቦቹ «ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?» እያሉ ገቡ። ይበልጣል ጣቶቹን ያጥፋል፣ ይዘረጋል። እኔም ተግሣጼን ትቼ እጀታው እንደ ወረደ መሆኑን ደግሜ አየሁ።

አሁን ጡረታ ወጥቼ ቢቸና ተቀምጫለሁ። የጠፋ መብራት ሲመጣ የልጅ ልጆቼ እልል ይላሉ። እኔ ግን ከመደሰቴ በፊት የሁሉንም እጆች በዓይኔ እፈልጋለሁ።