ያልተነበበው ምዕራፍ

«ናሙናዎችህን ከላይኛው ተዳፋት ብቻ የወሰድከው ለምንድን ነው?»

ጠይቃ ስትጨርስ ጥራዙን ከደነችው። የአፈር ሳይንስ መምህርት ናት። የዛሬ ሥራዋ የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፍ መፈተን ነው። ይህን ጥያቄ ለብዙ ተማሪዎች ጠይቃለች። ከየትኛውም የአፈር ጥናት ጋር ስለሚሄድ ጽሑፉን ያላነበበ ፈታኝም ሊጠይቀው ይችላል። ዛሬ ያላነበበችው እሷ ነበረች፤ ስለ ተዳፋቱም የሰማችው ተማሪው ጥናቱን ሲያቀርብ ነው።

ተማሪው የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነው፤ ጎልማሳ፣ የተዋሰው ኮት ትከሻው ላይ የሰፋበት። ሚስቱ ከኋላ ወንበር አበባ ታቅፋ ተቀምጣለች። ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ መምህርቷን አየና መልሶ ዘጋው።

በትምህርት ክፍሉ ስሟ «ምላጭ» ነው። ከእሷ ዓይን የሚያመልጥ ስሕተት የለም ይባላል።

«ልክ ነዎት ዶክተር» አለ ተማሪው። «ከታችኛውም መውሰድ ነበረብኝ። የኔ ጥፋት ነው።»

አማካሪው፣ ሽማግሌው ፕሮፌሰር፣ ወንበራቸው ላይ ተቁነጠነጡ። ተማሪው በሚፈተንበት ሰዓት አማካሪ ካልተጠየቀ አይናገርም። ደንቡ ነው።

መምህርቷ ይህን አልጠበቀችም። ተማሪው ሲመልስ ሰምታ ጥራዙ ውስጥ ያለውን ልታውቅ ነበር ሐሳቧ።

ጽሑፉ ሲመጣላት የሦስት ኮርስ ፈተና ታርም ነበር። መጽሔት የመለሰባት የራሷ ጥናትም ጠረጴዛው ላይ ይጠብቃታል። ባሏ «አልችልም በያቸው» ብሏት ነበር።

«ምላጩ ዶለዶመ እንዲሉኝ?»

«ታዲያ አልዶለዶመም? የቤት ቁልፉን እኮ ፍሪጅ ውስጥ ነው ያገኘሁት።»

ተሳሳቁ። ከድካሙ ይልቅ የሚያስፈራት ሰው ድካሟን ማወቁ ነበር። ጽሑፉን ተቀበለች። ምዕራፍ ሁለትን ስትጨርስ እንቅልፍ ጣላት፤ ከዚያ ወዲያ አልገለጠችውም።

ፈታኞቹ እስኪመክሩ ተማሪውና ሚስቱ ውጭ እንዲጠብቁ ተደረገ።

«ራሱ አመነ እኮ» አለ የፈተናው ሰብሳቢ። «አዲስ ናሙና ሰብስቦ ይምጣ።»

አዲስ ናሙና ማለት ዝናቡ እስኪያልፍ መጠበቅ፣ ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ደግሞ ፈቃድ መለመን ነው።

«ምክንያቱን ምዕራፍ ሦስት ላይ ጽፎታል» አሉ አማካሪው።

«ከጻፈው ለምን አልተከራከረም?» አለ ሁለተኛው ፈታኝ። «ደግሞ ምላጭ በከንቱ አትጠይቅም። አንድ ነገር አይታ ነው።»

ሦስቱም ዞረው አዩዋት።

ጥራዙን ምዕራፍ ሦስት ላይ ገልጣ ነበር። ፎቶግራፉ ላይ የታችኛውን ተዳፋት ጎርፍ ያመጣው ደለል ሸፍኖታል። ከዚያ የሚወሰድ አፈር ከሌላ ቦታ የመጣ እንጂ የተዳፋቱ አይደለም ይላል ጽሑፉ። አጭርና ግልጽ ነው።

«ማብራሪያው ትንሽ መጠናከር ይኖርበታል» አለች። ድምጿ እንደ ወትሮው ነበር።

አማካሪው የመጀመሪያ ዲግሪዋን ስትማር አስተማሪዋ ነበሩ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ማብራሪያው አልበቃሽም ማለት ነው፤ እንግዲያው ድጋሚ ናሙና» አለ ሰብሳቢው። ተማሪውን ሊጠራ ተነሥቶ በሩን ገርበብ አደረገው።

የሚስቲቱ ድምፅ ከኮሪደሩ ገባ። «ታውቀው የለም እንዴ? ደለል ደለል እያልክ ስታደነቁረኝ የከረምከው ምንድን ነው?»

«የማውቀው መስሎኝ ነበር» አለ ተማሪው። «እሷ አንብባው ካላሳመናት ግን ስሕተቱ የኔ ነው ማለት ነው።»

«ቆይ፣ እንዳትጠራው» አለች መምህርቷ።

ሰብሳቢው በሩን ዘጋ። «ምነው?»

«አላነበብኩትም።»

«ምኑን?»

«ከምዕራፍ ሁለት በኋላ ያለውን። መልሱ እዚሁ አለ። ሰውዬው ትክክል ነው።»

ሁለተኛው ፈታኝ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ማንም ሳይስቅለት ሲቀር የራሱን ጥራዝ ሳብ አድርጎ ማገላበጥ ጀመረ።

«ደክሞሽ ከሆነ ቀደም ብለሽ አትነግሪኝም ነበር?» አለ ሰብሳቢው።

«መንገር ነበረብኝ።»

«አሁን ቃለ ጉባኤው ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ያልኩትን።»

አማካሪው ቀና አሉ። «ለእኛ መንገርሽ ጥሩ። ለእሱስ?»

ኮሪደር ወጣች። ተማሪው ኮቱን ቆለፈ።

«ጥያቄዬ ከጽሑፍህ የመጣ አይደለም» አለችው። «አላነበብኩትም ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ተማሪው ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ኧረ ግድ የለም ዶክተር። ደግሞም እውነትዎን ነው፤ ከታችም ብወስድ ይሻል ነበር።»

«አይሻልም! ከታች ብትወስድ ጥናቱ ይበላሽ ነበር። አንተው ጽፈኸዋል።»

«እሺ» አለ፤ አለቃ እንደሚቆጣው ሰው አንገቱን ሰበር አድርጎ። እንዳላመናት ያስታውቃል።

«እርስዎ ነዎት የሚፈትኑት ከተባለ ወዲህ እህል አልቀመሰም» አለች ሚስቱ። አበባውን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረችው። «ቢያንስ ያነቡታል ብሎ ነበር።»



ፈተናው በዚያው ተቋረጠ። ተማሪው በሚቀጥለው ወር ሌላ ፈታኝ ፊት ቀርቦ በከፍተኛ ውጤት አለፈ። አማካሪው ለሦስተኛ ዲግሪ እንዲመዘገብ ደጋግመው ጠየቁት። «የማውቅ እየመሰለኝ ነው እንጂ» እያለ አልተመዘገበም።