የአደራ ዋሽንት

ጠዋት ጠዋት ወደ ፓርክ ሮያል ሰፈር በሚሄደው አውቶቡስ የማያቸው ሴትዮ፣ ማሞቂያው አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ ቢሆንም አይቀመጡበትም። አረጋውያን በሚያስታምሙበት የኬረር ዩኒፎርማቸው ላይ በደረቡት ካፖርት ውስጥ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ የጃፓን የቀርከሃ ዋሽንት ሸጉጠው ይቆማሉ። ከንፈራቸውን አሞጥሙጠው ያለ ድምፅ እፍ ይላሉ። ስልኬን በየጊዜው የምጥለው እኔ ጥንቃቄያቸው ያስቀናኛል።

ዛሬ ደፍሬ፣ "እማማ፣ እዚህ ይሞቃል፤ ይቀመጡ" አልኳቸው።

"ዋሽንቱን ሙቀት ይሰነጥቀዋል፣ ልጄ። ሳይነፋ ከከረመም እንደዚያው ነው።"

"ታዲያ መንፋት ቻሉ?"

"ትናንት አንድ ድምፅ ወጣልኝ" አሉ፤ ፊታቸው በራ። "አስታምማቸው የነበሩት ጃፓናዊ ሽማግሌ አደራ ነው። ልጃቸው መጥታ እስክትረከበኝ ትንፋሽ እንዳያጣ ብዬ ነው የምማረው።"