ተሸኝታ ያልሄደችው እህቴ

ባለፈው ቅዳሜ በራችን ሲንኳኳ የልጅ ልጄ ሊዲያ ከሶፋው ተነሥታ ወደ ማድ ቤት ሮጠች።

«እማ፣ የለችም በያቸው!»

ጓደኞቿ ከፋሲካ በኋላ ኬክ ቆርሰው፣ ፎቶ ተነሥተው፣ ጣሊያን ወዳለችው እናቷ ሸኝተዋታል። ቪዛዋ ግን እስካሁን አልመጣም። ጠዋት ጠዋት በስልኳ ታያለች፤ መልሱ ያው «በሂደት ላይ» ነው።

ሩጫዋን ሳይ እህቴ አስካለ ትዝ አለችኝ።

ያኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የምንኖረው አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳንርቅ ነው። የአስካለ ባል የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ገና በተጋቡ በጥቂት ሳምንት ወደ ጂቡቲ ተዛወረ። እሷም የመውጫ ፈቃዷ ሲያልቅላት ልትከተለው ተስማሙ። የፈቃድ ቢሮው ጸሐፊ «በዚህ ሳምንት ይደርሳል» ሲላት እናቴ አመነችውና ጎረቤት ጠርታ ሽኝት አደረገች። ዳቦ ቆሎው፣ በሶው፣ ድርቆሹ፣ ቋንጣው ከየቤቱ መጣ። ተመረቀ፣ ተለቀሰም። ከሁሉ አብልጠው ያለቀሱት በአጥር የምንዋሰናቸው እትዬ ብርቄ ነበሩ።

ወረቀቱ በዚያ ሳምንት አልደረሰም። ክረምቱ ገባ። እናቴ ጫማ በሚያስቀረው የአቃቂ ጥቁር ጭቃ ወደ ቢሮው እየተመላለሰች «ሌላ ጊዜ ተመለሺ» ተብላ ትመጣለች። ስንቅ ተቀብሎ አለመሄድ ነውር መሰለንና አስካለን ደበቅናት። ሰው ሲመጣ ጓዳ ትገባለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሁለታችን ድርቆሹን ፈርፍረን እንበላለን። እሷ «ሰውዬው ሌላ ያገባ ይሆን?» ትለኛለች፤ እኔ ዳቦ ቆሎ እቆረጥማለሁ። ከእህቴ ጋር ያን ያህል ተቀምጬ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን እትዬ ብርቄ ወንፊት ሊዋሱ ድንገት ገቡ። አስካለ ጓዳ ገባች። ጓዳው ውስጥ ግን ገና የተወቀጠ በርበሬ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ትልቅ ማስነጠስ ተሰማ።

«ይማርሽ» አሉ እትዬ ብርቄ፣ ሳያስቡት።

«ያኑርዎት» አለች አስካለ፣ እሷም ሳታስበው።

እናቴ ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

«አስካለ» አሉ እትዬ ብርቄ፣ «ጂቡቲ ይበርዳል እንዴ?»

አስካለ ዓይኗን እያሸች ወጣች። «እትዬ፣ ወረቀቱ ዘግይቶብኝ ነው።»

«ታዲያ ያዘገየሽው አንቺ ነሽ? ምን ያስደብቅሻል! ይልቅ ያን ቋንጣዬን አምጪና አብረን እንብላው።»

እናቴ አቀረቀረች።

«ቋንጣውማ አልቋል» አልኩ እኔ።

እትዬ ብርቄ ወንበር ስበው እስኪቀመጡ ድረስ ሳቁ። «ስንቁስ ሌላ ይዘጋጃል። እንባ ግን ከእኔ እንዳትጠብቁ፤ ድርሻዬን ጨርሻለሁ።»

ከዚያ ወዲያ አስካለ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም እንደ ልቧ ወጣች። ፈቃዱ የመጣው ሽምብራው እሸት ሲሆን ነው። እትዬ ብርቄ እሸቱን በነጠላቸው ቋጥረው ጣቢያ ድረስ መጡ። ባቡሩ ገና ሳይንቀሳቀስ ማልቀስ ጀመሩ።

የሚዘገየው ወረቀቱ ሆኖ ሳለ የምናፍረው ለምን እኛ እንደሆንን እስከ ዛሬ አይገባኝም። ለሊዲያ ይህን አልነገርኳትም። በሩን ከፍቼ ጓደኞቿን ሶፋው ላይ አስቀመጥኳቸው። አለችም የለችም አላልኩም። ማድ ቤት ገብቼ ምድጃውን ለኮስኩና በርበሬ ማመስ ጀመርኩ።